እኔን ሲጠብቅ የዋለ ማዕድ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ሆላንድ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ድረስ ማዕድ ቀርቦ ሰዎች «ብሉ እንጂ» ሲባባሉ ስሰማ ትዝ ይለኝና በኀፍረት አንገቴን እደፋለሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቅ ያፍነኛል። ጓደኛዬ አስቴር፣ «ላገኘሽው ሰው ሁሉ ከምትደጋግሚው ጻፊውና ይውጣልሽ» ስላለችኝ ነው የጻፍኩት። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ እንደሆነው እንደሆነው ልንገራችሁ።

የምኖረው ሮተርዳም ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ብሌን ትባላለች። ከአገር ስወጣ በጀርባዬ አዝያት ነው የመጣሁት። አባቷ ካረፈ በኋላ ብቻዬን አሳደግኋት።

ፈሪ እናት ነኝ። ብስክሌት ስትለማመድ ነጠላዬ እስኪወድቅ ከኋላዋ የሮጥኩ እኔ ነኝ። በልጅነቷ ዋና ስትማር ሌሎቹ እናቶች ቁጭ ብለው ሲጫወቱ፣ እኔ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ከውሃው ዓይኔን ሳልነቅል እጸልይ ነበር። አሠልጣኟ አንድ ቀን ወጥታ ወንበር አመጣችልኝ። አልተቀመጥኩበትም።

ይህቺ ልጅ አድጋ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምን ልታጠና? ውሃ። «ውሃ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ብላት ሳቀችብኝ። እንደጨረሰች «ለአንድ ዓመት ነው» ብላኝ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል ወዳሉ ትንንሽ ደሴቶች ሄደች፤ አገሩ ኪሪባቲ ይባላል። ባህሩ እየገባ የጉድጓድ ውሃቸውን ጨው ስላደረገባቸው፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሚሠሩት ጋር ልትሠራ ነበር። አንዱ ዓመት አለፈና ሌላው ተተካ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወለችና «እማ፣ ላገባ ነው» አለችኝ።

ልጁ የዚያው ደሴት ተወላጅ ነው፤ አስተማሪ ነው። ዮአነ ይባላል፤ የእኛው ዮሐንስ መሆኑ ነው። ስሙ ብቻ ነው ደስ ያሰኘኝ።

«አንቺ ካልመረቅሽኝ አላደርገውም» አለችኝ ብሌን። «ግን ሳታዪ እምቢ እንዳትዪኝ። መጥተሽ እዪና ያኔ የፈለግሽውን በዪ።»

እሺ አልኩ። በልቤ ግን የምሄደው ለማየት አልነበረም። ይዣት ልመለስ ነበር። ይህን ያወቀችው አስቴር ብቻ ነች። እሷም፣ «እዚያ ድረስ ሄዳ የለመነቻትን እናቷን እምቢ የምትል ልጅ የለችም፤ ይዘሻት ነይ» ብላ አበረታታችኝ። ባህሩን እንድለምደው ብላም በባቡርና በትራም ስኬቨኒንገን ወደሚባለው የባህር ዳርቻ ወሰደችኝ። ንፋስ ነበር። ማዕበሉ እየመጣ አሸዋው ላይ ሲወድቅ ደረቴን ያዝኩ።

«ምን ያስፈራሻል? እዚህ ድረስ አይመጣ» አለችኝ።

«እዚህማ አይመጣም፤ ግድብ አለ። እዚያ ምን አለ?»

አስቴር ጥብስ ዓሣ ገዝታልኝ ተመለስን።

ከዚያ በፊት አውሮፕላን የተሳፈርኩት ወደ ሆላንድ ስመጣና አንዴ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ብቻ ነው። አሁን ከአምስተርዳም ተነስቼ፣ አውሮፕላን እየቀያየርኩ፣ መሬት የሚባል ነገር እስኪጠፋኝ በውሃ ላይ በረርኩ። ብሌን ታራዋ በምትባለው ዋናዋ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችኝ። ፀሐይ አጥቁሯታል። ፊቷ ሞላ ብሏል። ታምማ አገኛታለሁ ብዬ ስለነበር ይህ እንኳ ቅር አሰኘኝ።

ከዚያ ወደ እሷ ደሴት በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚኬደው። ሻንጣዬን መዘኑና እኔንም ሚዛኑ ላይ አቆሙኝ።

«ሰውም እንደ ጤፍ ይመዘናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ እማ። አትጨነቂ።»

አትጨነቂ የሚሉት ሰው የበለጠ ይጨነቃል። ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ቆየሁና «ደረስን፣ እዪ» ስትለኝ ገለጥኩ። ከታች ያየሁት ባህር ላይ የወደቀ ክር ነው። ነጭ ክር፣ ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ። በአንድ በኩል ውሃው ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ በሌላው በኩል ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ተራራው የታለ?»

«ተራራ የለም።»

«ኮረብታስ?»

«እማ፣ ከፍ ያለው ነገር የኮኮናት ዛፉ ነው።»

ልጄ የምትኖርበትን መሬት ሳየው እንባዬ መጣ። ክር ላይ ሰው ይኖራል?

ዮአነ ከአጎቶቹና ከአክስቶቹ ጋር አውሮፕላኑ ያረፈበት ሜዳ ላይ ጠበቀን። ጎንበስ ብሎ በአበባ የተጎነጎነ አክሊል ራሴ ላይ አደረገልኝ። «ማውሪ» አለኝ። ብሌን ስትነግረኝ፣ የሰላምታቸው ትርጉም እንደኛው «ጤና ይስጥልኝ» ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ከዚህ ልጅ ላይ እንከን ፈለግሁ። ሲጮህ፣ ሲያመናጭቅ፣ ሲኮራ ላየው ጠበቅሁ። ቦርሳዬን ይሸከማል፣ ከእኔ ቀድሞ አይቀመጥም፣ ብሌንን ያስቃታል። እንከን ባጣሁበት ቁጥር እናደድ ነበር።

ደሴቷን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አሸዋው ከመንጣቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል። መንገዱ አንድ ነው። ከቤቴ እስከ ትራም ፌርማታው የምሄደውን ያህል እንኳ ሳልሄድ ከአንደኛው ባህር ወደ ሌላኛው ባህር ደረስኩ። በዚህ በኩል ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይጫወቱበታል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ሲያገሳ ይውላል። ቤቶቹ ብዙዎቹ ግድግዳ የላቸውም። ምሰሶ፣ ጣራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ፣ በቃ። ሮተርዳም ሁለት ጊዜ ቆልፌ ሦስተኛ የምፈትሽ ሴት፣ እዚህ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ምሳዬን በላሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ «ማውሪ» ይለኛል። እኔም «ማውሪ» እላለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ፈገግ እያልኩ መሆኔን ሳውቅ ፊቴን ሰበሰብኩ። ልጅ ልወስድ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ።

በመጣሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የዮአነ ዘመዶች ግብዣ አዘጋጁልኝ። በመንደሩ መሃል ትልቅ የመሰብሰቢያ ዳስ አለ። የጣራው ጠርዝ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጫማም ይወለቃል። ይህን ወደድኩት፤ ቤተ ክርስቲያን የምገባ መሰለኝ። ሰሌን ላይ እግራችንን አጥፈን ተቀመጥን። ሽማግሌዎች አሉ፣ እናቶች አሉ፣ ልጆች አሉ። መንደሩ ሁሉ የመጣ ይመስላል።

ምግቡን ከፊቴ ደረደሩት። የተጠበሰ ዓሣ፣ የኛን ጎደሬ የመሰለ ሥር፣ የዳቦ ፍሬ የሚሉት ትልቅ ፍሬ፣ ሩዝ፣ ኮኮናት። ለትልቅ እንግዳ የሚያርዱት አሳማ ነው። እኔ አሳማ እንደማልበላ ብሌን ስለነገረቻቸው በምትኩ ዶሮ አረዱልኝ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ዝንብ እንዳያርፍበት በማራገቢያ ያራግባሉ።

እኔ ግን ያን ሁሉ ሳይ እጄን ሰበሰብኩ። የታየኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ትዳር ራሱ «እህል ውሃ» ይባል የለ? ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ጉዳዩ ሳያልቅ እህል አይቀምስም። የልጁ ቤተሰብ ባዘጋጀው ድግስ ላይ የልጅቷ እናት ቁጭ ብላ ከበላችማ ነገሩ አለቀ፤ ሰጠች ማለት ነው። ዶሮ በልቼ ነገ «ልጄን አልሰጥም» ልል? ነውር ነው። ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በፈገግታ፣ «አመሰግናለሁ፣ እናንተ ብሉ። እኔ በኋላ እበላለሁ» አልኩ። ብሌን ተረጎመች።

ሁሉም ፈገግ አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ትንሽ ቆይቶ መዝሙር ተጀመረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሌላ መዝሙር። የሥነ ሥርዓታቸው ቅደም ተከተል ነው ብዬ ደስ ብሎኝ አዳመጥኩ። ፀሐዩ ወደ መሃል መጣ። አራጋቢዎቹ እጅ እየቀየሩ ያራግባሉ። አንዲት ሕፃን እጇን ወደ ዓሣው ስትልክ እናቷ ቀስ ብላ መለሰቻት። ልጅ አስተዳደግ ያውቃሉ አልኩ በልቤ።

ብሌን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እማ፣ ትንሽ እንኳ ቅመሺ።»

«አልራበኝም።»

«እዚህ እንግዳ ሳይበላ ማንም አይበላም።»

«እንግዲያው ይብሉ በያቸው።»

«ብያቸዋለሁ። አይበሉም።»

«በዘዴ ልታበይኝ ነው አይደል? አውቄብሻለሁ።»

«ኤኽት ዋር፣ እማ!» አለች በሆላንድኛ። «እውነቴን ነው! ቀና ብለሽ እያቸው እስቲ!»

ቀና አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ንግግር ያደረጉት ሽማግሌ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ምሰሶ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሕፃናቱ እናታቸው ጭን ላይ ተንጋለዋል፤ ዓይናቸው ግን ከዶሮው አልተነሳም። ይህ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ በእኔ የተነሳ ጦሙን ነው።

ምን ላድርግ? ብበላ ልጄን ሰጠሁ። ባልበላ ሰው ላስርብ ነው። እንደዚያ ቀን ላብ አጥምቆኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል የዮአነ አያት ከወዲያኛው ጫፍ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ነይ ቲያ ይሏቸዋል። «ነይ» ለሴት የአክብሮት መጠሪያቸው ነው፤ እንደኛ እትዬ። ዮአነን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከሰው በላይ ላለመሆን ወገባቸውን አጥፈው፣ ዝቅ ብለው ነው የሚመጡት። ታላቅ ሲመጣ ተቀምጦ መጠበቅ አልቻልኩምና ብድግ አልኩ። ዙሪያዬን የተቀመጡት ሁሉ ደንግጠው ቀና ብለው አዩኝ። ብሌን ቀሚሴን ሳበችኝ።

«ተቀመጪ!»

«አሮጊት እየመጡ ቁጭ ልበል? ምን ዓይነት ባለጌ ታደርጊኛለሽ?»

«እዚህ በተቀመጠ ሰው ራስ ላይ መቆም ነው ብልግናው! ተቀመጪ፣ እማ!»

ዱብ አልኩ። ነይ ቲያ ከፊቴ ተቀመጡና ጉልበቴን ያዙት። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ዓይናቸው ግን የልጅ ዓይን ነው። ብሌን መካከላችን ሆና ተረጎመች።

«አሞሽ ነው ወይ? ይሉሻል።»

ልዋሽ ነበር። አዎ ሆዴን ብል ይገላግለኝ ነበር። ግን እኒህን ሴት እያየሁ አልቻልኩም።

«አላመመኝም በያቸው። ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት። እህላችሁን በልቼ እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው ያልበላሁት። ቃል በቃል ንገሪያቸው።»

ብሌን አልተረጎመችም። ዞራ አየችኝ። እሷም ይህን ገና መስማቷ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ዮአነ አንገቱን ደፋ።

ነይ ቲያ ጉልበቴን አልለቀቁትም። «ለምን ትወስጃታለሽ?» አሉኝ።

«ባህሩን ፈርቼ ነው፣ እማማ። ዙሪያችሁን ውሃ ነው። ተራራ የላችሁ፣ ግድብ የላችሁ። አንድ ቀን ተነስቶ ቢመጣ ልጄን ወዴት ትወስዱልኛላችሁ?»

እሳቸው መልሰው ሌላ ነገር ጠየቁ። ብሌን እኔን ሳታማክር ራሷ መለሰችላቸው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ያዘ።

«ምን ብለሽ ነው?»

«እናትሽ የት ነው የምትኖረው አሉኝ። ከባህሩ በታች አልኳቸው።»

«ሰው ፊት ምን ያስዋሽሻል?»

«ውሸት አይደለም፣ እማ! የኛ ሰፈር ከባህሩ በታች ነው። ግድቡና ፓምፑ ባይኖር ሳሎናችን ውስጥ ዓሣ ነበር የሚኖረው። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ!»

ነግራኝ ይሆናል። ግድብ መኖሩን አውቃለሁ፤ እኛ ከታች መሆናችን ግን ጆሮዬ አልገባም። ነይ ቲያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ለቀስተኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ እህቴ! ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉኝ። ማዘናቸው የእውነት ነው። አንዱ ከኋላ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድ ነይ ቲያ ወደ ጥያቄዬ ተመለሱ።

«ባህሩ ቢመጣ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም። እኛም እንፈራለን። አውቃለሁ ብዬ ላታልልሽ አልችልም። አንቺስ ከአገርሽ የወጣሽ ጊዜ ወዴት እንደምትሄጂ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ልጅሽ የት ነበረች?»

«ጀርባዬ ላይ።»

«ማን አበላችሁ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሱዳን እንደገባን አንዲት ሴት ከመንገድ ጠርታ ቤቷ አስገብታን ነበር። ቋንቋዋን አላውቅም፤ ስሟንም አላውቅም። ገንፎ የመሰለ ነገር አቅርባ፣ በልቼ እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ ብሌንን ከጀርባዬ ፈትታ ወስዳ አጠበቻት። ስንት ዓመት አላስታወስኳትም።

«የማላውቃት ሴት» አልኩ።

«በላሽላት?»

«በላሁላት።»

ነይ ቲያ ሳህኑን ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ዓሣውን ቆረስኩ። አፌ ከማድረጌ በፊት ግን ብሌንን፣ «መብላቴ እሺ ማለቴ እንዳልሆነ ንገሪያቸው» አልኳት። ነገረቻቸው። አሮጊቷ በዚያ ጥቂት ጥርስ በቀረው አፋቸው ተንከተከቱ።

«ማነው እንደሱ ያለሽ? እዚህ መብላት መብላት ነው። ለርሃብ ነው። ልጅሽን የምንጠይቅሽ ደጃፍሽ መጥተን ነው!»

ለካ ያ ሁሉ ሰው የተራበው እኔ ብቻ በማውቀው ነገር ነው። ጎረስኩ። ወዲያው ዳሱ ተናወጠ። ሳህን ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ልጆች ተንጫጩ፣ ያቺ ሕፃን በሁለት እጇ ዓሣ ያዘች። እኔም ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ ሲሆንብኝ ጠቅልዬ ነይ ቲያን አጎረስኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። እሳቸውም ትልቅ የዳቦ ፍሬ ቁራጭ አንስተው አፌ ውስጥ ወተፉልኝ። ልታነቅ ነበር።

ከግብዣው በኋላ ብሌን ብቻዋን ወደ ባህሩ ዳር ሄደች። ተከተልኳት።

«ልትወስጂኝ ነበር የመጣሽው?»

«አዎ።»

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አውሮፕላን ላይ።»

ተናዳ ስለነበር ላለመሳቅ ታገለች፤ አልሆነላትም። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ አንድ ቤት ወሰደችኝ። ከጣራው የሚወርደውን ዝናብ የሚቀበል ትልቅ ማጠራቀሚያ ቆሟል። አንዲት እናት ቧንቧውን ከፍታ ለልጇ ውሃ ትቀዳለች። ብሌንን ስታይ ኩባያውን አጥባ ለእኔ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። የዝናብ ውሃ ነው፤ ጨው የለውም።

«ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን የዚህን ቤት እኔ ነኝ። ከአንቺ ልሸሽ አይደለም የመጣሁት፣ እማ። እዚህ የሠራሁትን ሰው ሲጠጣው አያለሁ።»

ኩባያውን ዳግመኛ ዘረጋሁና ሴትዮዋ ሞላችልኝ።

የምመለስበት ቀን ሲቃረብ አንድ ዘዴ አሰብኩ። እምቢ አልልም፤ እሺም አልልም። ሲጠይቁኝ በአገራችን ወግ «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» እላለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ። ጊዜ ሲያልፍ ነገሩ ይበርዳል። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ጠዋት፣ ከብሌን ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ ልብስ ሳጣጥፍ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ፊት ያሉት እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ ናቸው። ብሌን ጠፍታለች። ዮአነ ራቅ ብሎ ኮኮናት ዛፍ ሥር ቆሟል። በእጄ ቦታ አሳየኋቸው፤ አልተቀመጡም። ቆሙ።

ገባኝ። ብሌን የአገራችንን ወግ አስተምራቸዋለች። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ለእነሱ ግን በተቀመጠች ሴት ራስ ላይ መቆም ትልቅ ነውር ነው። እኔን ለማክበር ብለው የራሳቸውን ነውር ሊሠሩ መጥተዋል። እፍረታቸው ከፊታቸው ይነበባል። ራሳቸው ከእኔ ራስ ዝቅ እንዲል ሦስቱም ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ቆመውም ሳይቆሙ፣ ፀሐይ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በአማርኛ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን መጣን» አሉ። አንድ ቃል አልሳቱም። ለማንም «እርስዎ» ብላ የማታውቀው ልጄ ነች ያስጠናቻቸው።

«ዘመድ ላማክር» ልል አፌን ከፈትኩ። የትኛውን ዘመድ? አባቷ የለም። ወንድም እህቶቼ ተበትነዋል። ዓይኔ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ወደቀ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

ቃሉን አላወቁትም። ሰሌኑን አሳየኋቸው፤ እስኪመለስላችሁ አትቀመጡ ተብለዋልና ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሳሁ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዤ መደቡ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ጉልበታቸውን አሹና ተቃቀፉ። ብሌን ከማድቤቱ ጎጆ በስተጀርባ ተደብቃ ታየን ኖሯል። በአገራችን «ተቀመጡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ እየሮጠች መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። መርቄያት እንደሆነ አላስታውስም፤ እየጮኽኩ ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ። ዮአነ ከዛፉ ሥር አልተንቀሳቀሰም። የእኔ ልቅሶ የምን እንደሆነ አልገባውም ነበር፣ ምስኪን። እኔው ጠራሁት።

ሮተርዳም ስመለስ አስቴር ባቡር ጣቢያ ጠበቀችኝ። ብቻዬን ስታየኝ፣ «ይዘሻት ነይ ብልሽ ሰጥተሻት መጣሽ?» አለችኝ።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ስልኬ ላይ የዚያን አገር የአየር ሁኔታ እመለከታለሁ። ንፋስ ካለ ደውዬ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ድሮ ስፈራ ልጄ ብቻዋን ውሃ መሃል ቆማ ነበር የምትታየኝ። አሁን ሰው መሃል ተቀምጣ ነው የማያት። ለዚህ ነው መሰለኝ አሁን ስፈራ እንኳ የማዝነው የቀነሰው።

ለፋሲካ ሁለቱም ይመጣሉ፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ይባርኳቸዋል። እኔን አሁን የያዘኝ ጭንቀት የዮአነ ነገር ነው። ያ ልጅ በዕድሜው ብርድ አያውቅም። እዚህ ደግሞ በፋሲካም ይበርዳል። ከገበያ ወፍራም ጃኬት ገዛሁለት፤ ቁመቱን በልቤ ለክቼ። አስቴር አየችውና «ይሰፋዋል» አለችኝ። ይስፋው። ከሥሩ ሹራብ ይለብስበታል፤ እሱንም ገዝቻለሁ።